በማትሱሳካ፣ የሞቶኦሪ ኖሪናጋ ቤት

ከናጎያ ወደ ኢሴ በሚወስደው ባቡር ማትሱሳካ የደረስሁት ረፋድ ላይ ሲሆን፣ ከጣቢያው በቀጥታ በእግሬ ያመራሁት ወደ ጥንታዊው ግንብ ፍርስራሽ ነበር። የመጣሁበት ጉዳይ፣ በ1730 እ.ኤ.አ. በዚህችው ከተማ ከጥጥ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደውን፣ የጃፓንኛን ሰዋስው ከጥንት ግጥሞች አንጥሮ ያወጣውን የሞቶኦሪ ኖሪናጋን ቤት ለማየት ነው።

ቤቱ በ1909 ከቀድሞ ሰፈሩ ተነቅሎ በግንቡ ቅጥር ውስጥ እንደገና ተተክሏል። ምድር ቤቱን መጎብኘት ይቻላል፤ ኖሪናጋ በ1782 ከላይ ያሠራት የጥናት ክፍል ግን ለጎብኚ ዝግ ስለሆነች ከድንጋዩ ካብ ላይ ሆኜ በመስኮቷ ተመለከትኋት። ስፋቷ አራት ተኩል ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ)፣ ማለትም ሰባት ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ንባብ ሲያደክመው በገመድ የታሰሩ 36 ትናንሽ ቃጭሎችን እያንቃጨለ ይታደስ ነበር ይባላል።

መተዳደሪያው ሕክምና ነበር፤ በኪዮቶ ተምሮ በ1757 ከተመለሰ በኋላ ይልቁንም ሕፃናትን ያክም ነበር። በ712 የተጻፈውን ኮጂኪን፣ የጃፓንን ጥንታዊ የአፈ ታሪክና የታሪክ መጽሐፍ፣ ቃል በቃል እያነበበ የተረጎመበትን 44 ጥራዝ ሥራ ከ1764 እስከ 1798 የደከመበትም ከዚሁ ሥራው ጎን ለጎን ነው።

እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ በ1771 ያሳተመው ባለ አንድ ወረቀት ሰንጠረዥ ነው። በጥንታዊው ጃፓንኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚገቡ ትናንሽ ቃላት ግሡ በምን ቅርጽ እንዲዘጋ እንደሚወስኑ የሚያሳይ ሲሆን፣ ሦስት ረድፍ አለው። «ዋ» ወይም «ሞ» የገባበት ዐረፍተ ነገር በተለመደው መቋጫ ያልቃል፤ «ዞ» ወይም «ያ» ሲገባ ግሡ ስምን ሲገልጽ የሚይዘውን ቅርጽ ይዞ ይዘጋል፤ «ኮሶ» ሲገባ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ቅርጽ ይጠይቃል። ይህም በእኛ ቋንቋ «አልመጣ» ብሎ የጀመረ ተራኪ «ም» ሳይል ንግግሩ እንደማይታሰር ያስታውሰናል። ኖሪናጋ ይህን ሥርዓት በግምት አልደነገገም፤ በ1785 በታተመው መጽሐፉ ከጥንት የግጥም መድበሎች ምሳሌ በምሳሌ እየደረደረ አስረድቷል። ጃፓንን ከአገሮች ሁሉ በላይ የሚያደርገውን እምነቱን ልቀበለው አልችልም፤ ይህ ሰንጠረዥ ግን እምነቱን የማይጋራ አንባቢ እንኳ ግጥሞቹን ገልጦ ራሱ ሊፈትነው የሚችል በመሆኑ፣ በእኔ ዐይን ከ44ቱ ጥራዞች ይበልጣል።