የጌጥ ቃሪያ ማዳቀል፦ ምርጫው ከችግኝ ሳጥኑ ይጀምራል

ሐምራዊ ቅጠል፣ ወደ ላይ የቆመ ፍሬ። የጌጥ ቃሪያ ፈላጊ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። የጌጥ ቃሪያን ከጌጥ ቃሪያ ማዳቀል ግን ብዙ አዲስ ነገር አያወጣም፤ የመልክና የቁመት ልዩነት የሞላው በገበያው በርበሬና ቃሪያ ነው። ሚጥሚጣ ለጊዜው ይቅር። ብዙው ሚጥሚጣ ዝርያው ሌላ ስለሆነ ዲቃላው ብዙ ጊዜ ዘር አይዝም።

እናትየዋ የገበያዋ፣ አረንጓዴ ቅጠል ያላት ትሁን፣ አባትየው ሐምራዊው የጌጥ ቃሪያ። ከእናትየዋ ፍሬ የበቀለው ችግኝ ሐምራዊ ጥላ ካልታየበት አበባዋ በራሷ ብናኝ ፀንሳለች ማለት ነው፤ ይጣል።

ጠዋት ላይ በማግስቱ የሚፈነዳ፣ ነጭ ሆኖ ያበጠ እምቡጥ ይመረጣል። የአበባ ቅጠሎቹን ገልጦ አምስት ስድስቱን የብናኝ ከረጢት በወረንጦ ማውጣት ነው። አንዱ እንኳ ተሰንጥቆ ዱቄት ከታየ እምቡጡ አይሆንም። ከዚያ የአባትየውን ብናኝ በአበባዋ ሴቴ ክፍል ጫፍ ላይ ነክቶ፣ በክር ምልክት አድርጎ፣ ከንብ ለመከላከል በአጎበር ጨርቅ መሸፈን። በቅርንጫፉ ላይ ቀድሞ የያዘ ፍሬ ካለ ይቀነጠስ፤ አዲሱን ያረግፈዋል።

የመጀመሪያው ትውልድ ተስፋ ያስቆርጣል፦ ቅጠሉ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ ፍሬው ቁልቁል የተንጠለጠለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነቅሎ ይጥላል። የቆመ ፍሬ ባሕርይ ግን ተሸፍኖ ነው እንጂ አልጠፋም። አበባውን በአጎበር ሸፍኖ፣ ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርጎ በራሱ እንዲያፈራ መተው ነው።

ሀብቱ ያለው በሁለተኛው ትውልድ ነው። ጥቁር ሐምራዊ ቅጠልንና የቆመ ፍሬን አሟልቶ የሚይዘው በአማካይ ከ16 አንዱ ነው፤ 47 ተክል ያሳደገ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 95 በመቶ ይሆናል። ቦታ ለሌለው ግን ዘዴ አለ፦ 100 ዘር በሳጥን ዘርቶ፣ አራት ቅጠል ሲያወጡ ጥቁር ሐምራዊ የሆኑትን 25 ያህል ብቻ ወደ ማሰሮ ማዛወር። ከእነሱ ስድስት ገደማ ፍሬያቸው ቀና ይላል። ሳጥኑ ጥላ ውስጥ ከከረመ ግን ሐምራዊውም አረንጓዴ ይመስላል፤ ፀሐይ ሳያገኝ አይፈረድበት።

በሱሉልታና በእንጦጦ ግርጌ ሌላው ጠላት የሌሊት ብርድ ነው። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ብናኙ ይደክማል፤ አበባው ይረግፋል፣ ወይም ፍሬው ዘር አልባ ይሆናል። ፕላስቲክ ቤት ያስፈልጋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ማዳቀልም አያዋጣም።

በተመረጡት ተክሎች የቅጠሉ ቀለምና የፍሬው አቋቋም እዚሁ ሁለተኛው ትውልድ ላይ ይረጋሉ። ቁመትና የፍሬ ቅርጽ ግን ለተከታታይ ትውልዶች መበታተናቸውን አያቆሙም። በየትውልዱ የበሰለ ፍሬ በጣት ሳብ ይደረግ፤ በቀላሉ ከቆባው የሚላቀቅ ተክል ውበቱ ምንም ቢሆን ለማሰሮ አይሆንም።