ጉልበቴ ሳይድን የተነሣልኝ ፍርሃት

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ያደረገልኝን ስመሰክር በበረዶ ላይ የምትዘል የአንዲት ስፖርተኛን ታሪክ ማንሣቴ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል፤ ሆኖም ጸሎቴ የተመለሰበትን መንገድ ያለ እርሷ ልናገረው አልችልም።

የምኖረው በሜልበርን ሲሆን ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁ የተበጠሰው የጉልበቴ ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተጠገነ በኋላ፣ ገና ምርኩዜን እንደ ጣልኩ ያው ጅማት ዳግመኛ ተበጠሰ። ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪሙ «አሁን እግርሽን ተማመኚው» ቢለኝም፣ ደረጃ ባየሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኝ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን መግቢያ እንኳ ሰው ካልደገፈኝ አልወጣውም ነበር። እህቶች ስለ ጉልበቴ ሲጸልዩልኝ እኔ በልቤ የምለምነው ይህ ፍርሃት እንዲነሣልኝ ነበር፤ ያውም በአንድ ሌሊት።

የምታለማምደኝ ፊዚዮቴራፒስት ስለ ሊዲያ ላሲላ ያነሣችልኝ በዚያ ሰሞን ነው። ላሲላ የዚሁ የሜልበርን ልጅ ናት፤ ኤሪያልስ ወደሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ውድድር የገባችውም ከጂምናስቲክ ነው። ተወዳዳሪዋ ቁልቁል ተንደርድራ፣ ከበረዶ ከተሠራ ቀጥ ያለ መወጣጫ ላይ ወደ ሰማይ ትወነጨፍና በአየር ላይ እየተገለባበጠችና እየተሽከረከረች ቆይታ ገደላማ ቁልቁለት ላይ በእግሯ ታርፋለች። ዳኞች ከሚሰጡት ነጥብ ሠላሳ በመቶው የማረፊያው ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱ የተጎዳ ሰው በዚህ ስፖርት የሚሸሸግበት ቦታ የለውም።

ላሲላ እ.ኤ.አ. በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ስምንተኛ ወጣች። በ2005 የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፤ ከሞተ ሰው በተለገሰ ጅማት ተጠግኖላት ለ2006ቱ የቱሪን ኦሊምፒክ ብትደርስም፣ በማጣሪያው ዘልላ ስታርፍ ያው ጉልበት ከዳት፤ በሕመም ስትጮህም ዓለም አያት። ይህን ስሰማ ማንም ሳይነግራት የእኔን ታሪክ የኖረች መሰለኝ። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር በዚያው ጉልበት ላይ አርፋ፣ በ214.74 ነጥብ ቻይናዊቷን ሊ ኒናን ቀድማ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። ከዚያም ወልዳ ተመልሳ በ2014 በሶቺ ሦስት ጊዜ ተገልብጣ አራት ጊዜ የምትሽከረከርበትን፣ ከእርሷ በፊት ሴት በውድድር ያልደፈረችውን ዝላይ ሞከረች፤ ማረፊያው ባይሰምርላትም ነሐስ አገኘች። በ2018 በፒዮንግቻንግ ለአምስተኛ ጊዜ በኦሊምፒክ ተሰለፈች።

ላሲላን የእምነት ሰው አድርጌ ላቀርባት አይደለም፤ ስለ እግዚአብሔር የምመሰክረው እኔ ነኝ። ልቤን የያዘውም ከሜዳሊያው ይልቅ ዝግጅቷ ነው። የኤሪያልስ ስፖርተኞች አዲስ ዝላይ መጀመሪያ በበረዶ ላይ አይሞክሩም፤ በበጋ ሸርተቴያቸውን እንደ ታጠቁ ወደ ውሃ ገንዳ እየዘለሉ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየተሸጋገሩ ሰውነታቸው እስኪለምደው ይደጋግሙታል። ከታች አየር እየተነፋበት የሚፍለቀለቀው ውሃ አወዳደቃቸውን ያለሰልስላቸዋል። ላሲላም ለዚህ ልምምድ ባሕር ማዶ ትሄድ ነበር።

ይህን በሰማሁበት ምሽት ስጸልይ፣ «ለአንዲት ደረጃ የሚበቃ ድፍረት ስጠኝ» የሚል ልመና ከአፌ ወጣ፤ አስቤበት ያልኩት አልነበረም፣ መንፈስ ቅዱስ እንዳስጸለየኝ አምናለሁ። በማግስቱ ፊዚዮቴራፒስቷን ከልምምድ ደረጃዋ ዝቅተኛው እንድታስጀምረኝ ለመንኳት፤ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ መዋኛ ገንዳው ወሰደችኝ፤ እኔም በውሃ ውስጥ እንደ ሕፃን መዝለል ተማርኩ። መዝሙረኛው እግርን ከመሰናከል የሚያድን ያለው አምላክ እኔን ያዳነኝ እንዲህ እያለማመደ ነው። ሳቄን የመለሰልኝም እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው፤ በዕድሜ እናቶቼ የሚሆኑ ሴቶች አብረውኝ ሲዘሉ ማን ዝም ይላል?

ጉልበቴ ዛሬም በሜልበርን ብርድ ያመኛል፤ ሐኪሙም ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው እንደማይሆን ነግሮኛል። ነገር ግን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፣ የማግዛቸውን አዛውንቶች ክንድ ይዤ ደረጃ አወርዳለሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም መግቢያ ብቻዬን እወጣለሁ። ለዚህም የጌታ ስም ይባረክ።