«የጾም ነው?»

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አመሻሽ ላይ በሚቆም የምግብ ጋሪ ላይ ነው የምሠራው። የምንሸጠው የታይላንድ ምግብ ነው፤ በተለይ ፓድ ታይ፣ መጥበሻ ላይ የሚገላበጥ የሩዝ ፓስታ። የጋሪው ባለቤት አረብ አገር የታይ ምግብ ቤት ውስጥ ስታበስል ቆይታ የተመለሰች የድሬ ልጅ ናት። ዶሮ አታስገባም። በማን እጅ ታረደ የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲበላ ብላ ነው። ይሄን ውሳኔዋን በጣም እወድላታለሁ።

ድሬና ፓድ ታይ ደግሞ ይስማማሉ። ኮምጠጥ የሚያደርገው ሁመር ነው፣ ታማሪንድ የሚባለው ፍሬ፤ ሁመርን እዚህ ማን ያጣዋል? ከላይ የሚነሰነሰው ለውዝ ከባቢሌ ይመጣል። ሎሚውም የኛው ነው። የሩዝ ፓስታው ግን ከውጭ ይገባል። እሱን ውሃ ውስጥ ነክረን እናለሰልሰዋለን እንጂ አንቀቅለውም። ከዚያ በጋለ ጎድጓዳ መጥበሻ ላይ ቶሎ ቶሎ ይገላበጣል። ሁመሩ ሲፈስበት «ጭስስ» ይላል፣ ሽታው መንገድ ተሻግሮ ሰው ይጠራል።

አንድ ዓርብ ማታ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። «የጾም ነው?» ብለው ጠየቁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «አዎ እማማ፣ ሥጋ የለውም፣ እንቁላሉን እንተወዋለን» አላቸው። ከልቡ ነው፤ ሊያታልል አስቦ አይደለም። እኔ ግን ዓይኔ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። ቡናማው ፈሳሽ ናም ፕላ ይባላል። ትንንሽ የባሕር ዓሳ በጨው ታሽቶ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ተቀምጦ የሚወጣ ውሃ ነው። የፓድ ታይ ጨው እሱ ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ዓሳ አለበት» አልኳቸው።

ዓሳን በጾም የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ። እሳቸው አይበሉም። «እንኳን ነገርሽኝ ልጄ» ብለው ሊነሱ ሲሉ ባለቤቷ ደረሰች። «አቦ፣ ቁጭ ይበሉ እማማ!» አለችና መጥበሻውን በሳሙና አጥባ ከዜሮ ጀመረች። ጎመን፣ ካሮት፣ ሁመር፣ ስኳር፣ በናም ፕላው ፈንታ ሶያ ሶስ። እማማ መጀመሪያ ለውዙን በጣታቸው እየለቀሙ ቀመሱ። ከዚያ ሹካውን አነሱ።

ያን ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ባለቤቷ አንድ ነገር ነገረችን። ታይላንድ ውስጥም «ጄ» የሚባል ምግብ አለ። በዓመት አንዴ ዘጠኝ ቀን ብዙ ሰው ሥጋ፣ ዓሳ፣ እንቁላልና ወተት ይተዋል፤ ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር። በዚያ ሰሞን ጄ የሚሸጥ ጋሪ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል፣ ናም ፕላው ይነሳና ሶያ ሶስ ይተካል። መፍትሔውን የወሰደችው ከዚያው ነው።

የጾም ምግብ የሚሸጥ ሰው የሚታየውን ብቻ አይቶ መመለስ የለበትም። ጉዱ ያለው ጠርሙሱና ጣሳው ውስጥ ነው። የታይ የካሪ ቅመም አብዛኛውን ጊዜ የተፈጨ ሽሪምፕ አለበት። ኦይስተር ሶስም የባሕር እንስሳ ነው። የሾርባ ኩቡ እንኳ የዶሮ ሊሆን ይችላል። ለውዝ የማይስማማው ሰው ደግሞ አለ፤ ለሱ ነገሩ የጤና ነው።

አሁን ረቡዕና ዓርብ የጾም መጥበሻው ለብቻው ነው። ጠርሙሶቹም ጽሑፋቸው ወደ ደንበኛው ዞሮ ይደረደራሉ። የጠየቀን ሰው አንስቶ ያነባል፤ ማንበብ ለሚቸግረው እኛ እናነብለታለን። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሚያነበው ያ «የጾም ነው» ያለው ልጅ ነው።