የጎማ መብራቷ አልጠፋ ስትል

ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ መኪናዋን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። የፈረስ ኮቴ የምትመስል፣ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት። የጎማ ንፋስ መብራት እንደሆነች አውቃለሁ። ግን ብርድ ነበር፣ ሰዓቱም ሄዷል። ወርጄ አራቱንም ጎማ በዓይኔ አየኋቸው፣ ደህና መሰሉኝ፣ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነው። የዛሬ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ሩብ ያህል ንፋሱ ወጥቶም ቆሞ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። በዓይን አይታወቅም። በእግር ተመትቶም አይታወቅም።

መኪናችን አሜሪካ ስትነዳ ቆይታ የመጣች ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 ጀምሮ ለገበያ የሚመረት የቤት መኪና ሁሉ ይህ መቆጣጠሪያ እንዲኖረው በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ የአንዱ ጎማ ንፋስ እንኳ ከታዘዘው 25 በመቶ ከወረደ መብራቷ መብራት አለባት። የሾፌሩን በር ስከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 33 ፒኤስአይ (PSI፣ የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) ይላል። ሩቡ ሲቀነስ ከ25 በታች ነው። ስለዚህ መብራቷ ስትበራ «ትንሽ ጎደለ» ማለቷ አይደለም። በዚያ ንፋስ አምስት ሰው ጭኖ በአዳማው ፈጣን መንገድ መሄድ ማለት ጎማው በየዙሩ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል ማለት ነው፤ በጣም የጋለ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸውና ይህን ነገር አቅልዬ ማየት አልቻልኩም።

ማታ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ወሰድኳት። ልጁ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገና «እህቴ፣ ጎማው ምንም አይልም፣ ሴንሰሩ ነው። የአሜሪካ መኪና እንዲህ ያደርገዋል፣ ዝም በያት» አለኝ። አራቱንም ሞላልኝ፣ መብራቷ ጠፋች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ተመልሳ በራች።

የመኪናዋን መጽሐፍ አውጥቼ ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ማንም ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ማወቅ ያለበትን ነገርም እዚያ አገኘሁት። መብራቷ ሁለት ዓይነት አነጋገር አላት። ቁልፍ ስትከፍቱ በርታ እንዲሁ ከቀረች ጉዳዩ ንፋስ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ጎድሏል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በኋላ በርታ ከቀረች ግን «መለካት አልቻልኩም» ማለቷ ነው፤ ሴንሰር ሞቷል፣ ተሰብሯል ወይም መኪናው የማያውቀው ሴንሰር ገብቷል። የመጀመሪያው ሥራ ጎሚስታ ጋ ነው፣ ሁለተኛው ኤሌትሪሺያን ጋ። የእኔ አላርገበገበችም። እውነቷን ነበር፣ ንፋስ ጎድሏል።

የእጅ መለኪያ ገዛሁ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የተረፈኝ ትልቁ ጥቅም ይቺ መለኪያ ናት። በመጀመሪያው ቀን ስለካ ጎሚስታው በኮምፕሬሰሩ እኩል ሞላሁ ያለው አንዱ 39፣ አንዱ 36፣ የኋላ ግራው 24 አለ። ጓደኛዬ ጋ ባለው ሌላ መለኪያ አመሳከርኩት፣ ተመሳሳይ ነው። አራቱንም 33 ላይ አደረግኳቸውና በየጠዋቱ፣ መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ እየለካሁ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ሦስቱ 33 ላይ ቆሙ። የኋላ ግራው 33፣ 31፣ 30፣ 28 አለ።

ብርዱ አታሎኝ እንዳይሆን ያረጋገጥኩትም በዚህ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማ ንፋስ 1.5 ያህል ይወርዳል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከቀኑ በጣም ይለያል፤ ከሰዓት በኋላ የሞላችሁት ጎማ ንጋት ላይ ጎድሎ ብታገኙት አትደንግጡ። ብርድ ግን አራቱንም እኩል ነው የሚያወርደው። አንዱ ብቻ ከወረደ ቀዳዳ አለ።

ቅዳሜ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ በውሃ በጥብጬ ለፀጉር በምንጠቀምበት መርጫ ጎማው ላይ ረጨሁ። መጀመሪያ የቫልቩ ሥር፣ ቀጥሎ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበት ዙሪያ፣ ከዚያ መንገድ የሚረግጠው ገጽ። ምንም የለም። መኪናዋን ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት አስጠግቼ መሬት ላይ የነበረውን ክፍል አወጣሁና እንደገና ረጨሁ። ትልቁ ልጄ በስልክ እያበራልኝ «እማ፣ እዚህ ጋ እየፈላ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ከጎማው ቦይ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎች እየተከታተሉ ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ የብሎን ራስ ነው፤ አስፋልት ስለፈተገው እንደ ብር ሳንቲም ያብለጨልጫል፣ ከጎማው ጋር እኩል ሆኗል። ሳልነቅለው ተውኩት፤ ከነቀልኩት እዚያው ነው የምቀረው።

ቀጥዬ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ከውስጥ በኩል እንዲለጠፍልኝ ጠየቅኩ። ከውጭ በወስፌ ከሚወተፈው ይልቅ ከውስጥ የተለጠፈው ይሻላል፤ ጎማው ሲፈታ ውስጡ የተጎዳ መሆን አለመሆኑም ይታያል። ጥያቄዬ ትክክል ነበር። ያልተናገርኩት ነገር ነው ዋጋ ያስከፈለኝ።

ሴንሰሩ ማለት የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ናት፣ ከቫልቩ ጋር ተያይዛ በጎማው ውስጥ ቸርኬው ላይ የምትቀመጥ። ከውጭ አትታይም። ልጁ የብረት ማላቀቂያውን ልክ ቫልቩ አጠገብ ሰክቶ ሲጫን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ጎማው ተለጠፈ፣ ተሞላ፣ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት መብራቷ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣ ከዚያ በርታ ቀረች። ለካ የተሰበረው ሴንሰሩ ኖሯል።

ስለዚህ ጎማ ሲፈታ ከጎሚስታው አጠገብ ቁሙና ገና ሥራውን ሳይጀምር «ወንድሜ፣ ሴንሰር አለው፣ ከቫልቩ ራቅ ብለህ ጀምርልኝ» በሉት። ሌላ ምንም አያስፈልግም። በደንብ የሚያውቁም አሉ፣ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሴንሰር የሌለው ጎማ ሲፈታ የዋለ ሰው የእናንተ እንዳለው በምን ያውቃል?

የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የተሰበረውን ይዤ ስለሄድኩ ቁርጥ እሱን የሚመስል ያገለገለ ሴንሰር አገኘሁ። ገዛሁት፣ ተገጠመ፣ መብራቷ ወይ ፍንክች። አንድ ኤሌትሪሺያን ጋ ሄድኩ፣ ሸምገል ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ሴንሰሩ አዲስ ባይሆንም ይሠራል ብለውኛል» ስላቸው ስካነሩን ጎማው አጠገብ ይዘው ትንሽ ቆዩና «ይሠራል ልጄ፣ ግን መኪናሽ አይሰማውም» አሉኝ። ሴንሰሩ የሚያወራው በሬዲዮ ሞገድ ነው። የአሜሪካው ቶዮታዬ የሚሰማው በ315 ሜጋኸርዝ ነው፤ የገዛሁት ደግሞ ለአውሮፓ የተሠራ፣ በ433 የሚልክ። መልካቸው አንድ ነው፣ ቋንቋቸው ግን አይገናኝም። እኛ አገር ከአውሮፓም፣ ከአሜሪካም፣ ከዱባይም የመጣ አንድ ዓይነት መኪና ጎን ለጎን ስለሚሄድ ይህ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል። ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ ገላ ላይ በጣም በደቃቁ ተጽፎ ይገኛል፣ ሳትከፍሉ አንብቡት።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ስለምትመጣ ባለ 315 እንድታመጣልኝ ለመንኳት። እስከዚያ መብራቷ እንደበራች ነበርን።

በመሃል ገና ደረሰና ድሬዳዋ ወላጆቼ ጋ መሄድ ነበረብን። ለመቅረትም አስቤ ነበር። በመጨረሻ መቆጣጠሪያው እስኪሠራ ድረስ እኔ እቆጣጠራለሁ ብዬ መለኪያዋን ይዤ ወጣሁ። ንጋት ላይ አዲስ አበባ አራቱም 33። አዋሽ ምሳ ልንበላ ስንቆም 37 ደርሰዋል። እዚያ የነበረ ልጅ «ሞልቷል፣ ላስተንፍስልሽ» አለኝ፣ እንቢ አልኩ። የጋለ ጎማ ንፋሱ ይጨምራል፣ ፋብሪካው ያን አስቦ ነው በቀዝቃዛው 33 ያለው። ጋለ ብላችሁ ብታስተነፍሱት ሲበርድ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ድሬዳዋ ላይ ስለካ 32 ተኩል ግድም ነበር፣ ያውም ከእኛ ቤት በሚሞቅ ጠዋት።

ይህ ነገር ከነከነኝና ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ግድም። ወደ ቆላ በወረዳችሁ ቁጥር የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ የሚታየው ንፋስ ይቀንሳል፣ በዚህ ልዩነት 1.7 ያህል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ተጣፍተው እኩል ይመጣሉ ማለት ነው፤ ከጎማው የወጣ ነገር የለም። ቁጥሩን በሚያሳዩ አንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሴንሰሮች የሚለኩት ጠቅላላውን ግፊት ነው፣ መኪናው ከዚያ ላይ የባሕር ጠለልን አየር ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መኪና አዲስ አበባ ላይ ከእጅ መለኪያው በ3 ተኩል ግድም ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ዳሽቦርዳችሁና መለኪያችሁ ካልተስማሙ መለኪያውን ከመጣላችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሴንሰሩ መጣ። ከመገጠሙ በፊት ላዩ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ ጎማው ውስጥ ከገባ በኋላ ማንበብ አይቻልም። ጋሼ ያንን ቁጥር ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት በስካነር አስገቡት፣ በተሰበረው ቁጥር ምትክ። ትንሽ ነዳናት፣ መብራቷ ጠፋች። ለቫልቩ ጫፍ የሚሆነውን ውስጠኛ መዝጊያም የራሱን እንዳስገባ ነገሩኝ፤ የሴንሰር ቫልቭ አሉሚኒየም ስለሆነ ተራው የነሐስ መዝጊያ ይዝግበታል፣ ከጊዜ በኋላም ተጣብቆ አይፈታም። ክዳኑም የፕላስቲክ ይሁን።

የሪሴት ቁልፏን ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንደ ሞዴሉ ከመሪው ሥር ወይም ከተሳፋሪው ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ትገኛለች። ብዙ ሰው መብራቷን ለማጥፋት ይጫናታል። በእንደኛ ዓይነቱ ቶዮታ እሷን መጫን ማለት «አሁን ያለው ንፋስ ትክክለኛው ነው፣ ከዚህ ሲወርድ ንገረኝ» ማለት ነው። 27 ላይ ሆናችሁ ከተጫናችሁት መኪናው 27ን ልክ አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዚያ 20 ገደማ እስኪደርስ ዝም ይላችኋል። በመለኪያ አራቱን አስተካክላችሁ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ብቻ ተጫኑት።

ጎማ ሲፈታ ሌላም ነገር ታየ። የፊቱ የፍሬን ሸራ የውጩ ገና ደህና ነው፣ የውስጡ ግን አልቆ ብረቱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ሸራውን የያዘው ክፍል የሚንሸራተትበት ፒን አቧራ ይዞት ደርቆ ነበር፤ ተጠርጎ ግሪስ ተቀባ፣ ሸራው ተቀየረ። ቅያሪ ጎማችን ደግሞ 12 ነበር ንፋሱ። እሱ ላይ ሴንሰር ስለሌለ መብራቷ ስለ እሱ ምንም አትልም። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አነበብኩ፣ 3411፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ገጹ ያልተነካ አዲስ ይመስላል፣ ጎኑን ግን ሲጫኑት ስንጥቅጥቅ ይላል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ደርሶ መልስ እሱን ተማምነን ነው የሄድነው። ተቀየረ።

የቀሩት ሦስት ሴንሰሮች ከመኪናዋ ጋር የመጡ ናቸው። ባትሪያቸው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው፣ ታሽጎ ስለሚሠራም አይቀየርም፤ ሴንሰሩ ራሱ ነው የሚቀየረው። ተራቸው ደርሷል። ለእነሱ ብዬ ጎማ አላስፈታም፣ ከፋሲካ በኋላ አራቱን ጎማ ስቀይር አብረው ይቀየራሉ፣ ሁሉም ባለ 315።

እሁድ እሁድ ጠዋት መለኪያውን የሚይዘው አሁን ልጄ ነው። ክዳኑን ይፈታል፣ ይለካል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ትናንት የፊት ቀኙ 31 አለ። ነገ ጠዋት ሳትነሳ ደግመን እንለካዋለን። ላርጎውን በጥብጬ አስቀምጫለሁ።