የዴቪ ግሬይ እርሻ፦ ከማውንት ቨርነን የተመለሰ ማስታወሻ

የምንኖርባት የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከማውንት ቨርነን በመኪና የሃያ ደቂቃ መንገድ ያህል ብቻ ብትርቅም፣ እስካሁን የጆርጅ ዋሽንግተንን ቤት የማየው እንግዳ ሲመጣ ለማስጎብኘት ነበር፤ ነጩን ቤት፣ ቁልቁል ፖቶማክ ወንዝን የሚያሳየውን ረጅም በረንዳና መቃብሩን አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ። ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ የመጡትን የባለቤቴን አባት ይዤ ስሄድ ግን ጉብኝታችን እኔ ከዚያ በፊት ዘወር ብዬ አይቼው በማላውቀው አንድ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመ።

ክፍሉ ከዋናው ቤት ወዲያ ከተደረደሩት አነስተኛ ቤቶች አንዱ ውስጥ የሚገኝ የእርሻ ተቆጣጣሪ መኖሪያ ነው። በራፉ ላይ የተጻፈውን ለአባባ ልተረጉምላቸው ስሞክር «የበላይ ተቆጣጣሪ» አልኩና ቃሉ ለራሴም የቢሮ ሆነብኝ። እሳቸው ወደ ውስጥ አጎንብሰው ካዩ በኋላ «ካቦ ነዋ!» አሉኝ። በወጣትነታቸው በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ለቅመዋል፤ ከጣሊያንኛ የወረስነውን ይህን ቃል የሚያውቁት ማለዳ ስም እየጠራ ከሚያሰልፋቸው፣ ማታ ደግሞ ሚዛን አጠገብ ቆሞ ከሚመዘግበው ሰው ነው። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው «እኔ ግን ወሩ ሲያልቅ ደመወዜን ተቀብዬ እሄድ ነበር» ሲሉ በራሳቸው ላይ እርማት አከሉበት። ልዩነቱን እኔ ላስረዳቸው ብነሣ ከዚህ ባጠረ ቃል አልችልም ነበር።

ዋሽንግተን 8,000 ኤከር የሚሆነውን መሬቱን በአምስት እርሻዎች ከፍሎ ነበር የሚያስተዳድረው። በአራቱ ራቅ ያሉ እርሻዎች ላይ እህል ይመረታል፤ አምስተኛው መኖሪያ ቤቱ ያለበት ነው። እያንዳንዱ እርሻ የራሱ ተቆጣጣሪ ሲኖረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ1799 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተጻፈው መዝገብ መሠረት በእነዚህ እርሻዎች ላይ 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ 123ቱ የዋሽንግተን፣ 153ቱ የሚስቱ የማርታ የቀድሞ ባል ርስት የሆኑ፣ 41ዱ ደግሞ ከሌሎች ባለቤቶች የተከራያቸው ነበሩ። ባለቤቱ ለዓመታት በጦር ሜዳ፣ ኋላም በፕሬዚዳንትነት ርቆ ሲኖር ይህን ሁሉ ሰው ከንጋት እስከ ምሽት ሥራ ላይ የሚያቆየው ካቦው ነው። በ1789 የመኖሪያ ቤቱን እርሻ ለሚቆጣጠረው ሰው የሰጠው መመሪያም ይህንኑ ይላል፤ ሠራተኞቹ ገና ጎህ ሲቀድ ሥራ ላይ ይገኙ፣ እስኪጨልም ይሥሩ፣ እስከዚያም ድረስ ይትጉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ የሳምንቱ ሪፖርት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ ሳምንቱ የዋለበትን ሥራ ለሥራ አስኪያጁ ያስመዘግባል፤ ያም ተጠቃሎ ፕሬዚዳንቱ ወዳሉበት ወደ ፊላደልፊያ በፖስታ ይላካል። ሒሳቡ የቀን ሒሳብ ነው። አንድ እርሻ አሥር ሠራተኛ ካለው ስድሳ የሥራ ቀን አለው ማለት ነውና ስድሳው ቀን ሁሉ ማረሻ ላይ፣ አጥር ላይ፣ አረም ላይ እየተባለ እስከ መጨረሻው ሊቆጠር ይገባል፤ የታመመም፣ የወለደችም ሴት በዚያው ዓምድ ውስጥ የጎደለ ቀን ሆና ትመዘገባለች። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ እንዲህ ያለ ሚዛኑን የጠበቀ ወረቀት ደስ ይለኛል፤ ይህኛውን ግን ስረዳው ደስታዬ አሳፈረኝ።

ዋሽንግተን ካቦዎቹን አያምናቸውም ነበር። በታኅሣሥ 1793 ለአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ለዊልያም ፒርስ የተቆጣጣሪዎቹን ጠባይ አንድ በአንድ ሲገልጽለት፣ አንዱን ሰነፍና ደነዝ ይለዋል፤ ሌላውን ወሬ ያበዛል፣ ሆኖም ከሰዎቹ ጋር በሰላም ይኖራል ይለዋል። ክሮው የተባለው ሦስተኛው ደግሞ ንቁና አስተዋይ ቢሆንም ሰው መጠየቅና እንግዳ መቀበል ይወዳል፤ በዚህም ምክንያት ሰዎቹን ለራሳቸው ይተዋቸዋል፤ ከዚያ የሚከተለው በአንድ ወገን ሥራ መፍታት፣ በሌላው ወገን ግርፋት ነው ሲል ጽፏል። ይህን ስናወራ አባባ ሣቁ፤ «ሲጫወት ውሎ የዋለበትን በሰው ጀርባ ሊከፍል!» አሉ። እርግጥ ነው፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ ጅራፉ የሚነሣው ሠራተኛው ስላጠፋ ብቻ አልነበረም፤ ተቆጣጣሪው የዋለበትን በቅዳሜው ወረቀት ላይ መሙላት ስላለበትም ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ባለቤቱን ከካቦው ለይቶ ንጹሕ ማድረግ ግን አይቻልም። በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ አንተኒ ዋይቲንግ ልብስ ሰፊዋን ሻርለትን መግረፉን ሲጽፍለት፣ ዋሽንግተን አድራጎቱ እጅግ ተገቢ እንደሆነ መልሶለታል፤ በደህና ቃል ሥራቸውን የማይሠሩ ወይም የሚዳፈሩ ከሆነ ቅጣት ብቸኛው አማራጭ ነው ብሎም አክሏል። ሻርለት ከዚያ ቀደም ለአሥራ አራት ዓመት ተገርፋ እንደማታውቅ መናገሯ በደብዳቤው ሰፍሯል። ድምፅዋ የደረሰን በገራፊዋ ብዕር ነው።

ለፒርስ በተጻፈው በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የተመሰገነው ተቆጣጣሪ ነጭ አይደለም። መዲ ሆል የተባለውን እርሻ የሚመራው ዴቪ ግሬይ ራሱ በባርነት የተያዘ ሰው ነበር፤ ዋሽንግተን ስለ እሱ ሲጽፍ ሥራውን እንደ ነጮቹ ተቆጣጣሪዎች ያህል፣ ከሁሉም በላቀ ጸጥታ ያካሂዳል ይላል፤ በከብቶቹ አያያዝ ብቻ ቸልተኛ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይጠረጥረዋል። ዴቪ እንደ ሌሎቹ ደመወዝ የሚያስከፍል ውል አልነበረውም፤ የተሻለ ልብስና በእርድ ወቅት ተጨማሪ የአሳማ ሥጋ ይሰጠው ነበር። ከባለቤቱ ጎን ነው ወይስ ከሠራተኞቹ? ከጎብኚዎች አንዷ ይህን ጥያቄ ስታነሣ አስጎብኚያችን ትከሻዋን ብቻ ነቀነቀች፤ ይህም ከማስመሰል መልስ የተሻለ ነው።

ስለ እሱ የተጻፈ አንድ ነገር ግን አለ። በ1793 የዱቄት ቀለብ አሰፋፈር ላይ ለውጥ ተደርጎ ሰዎቹ በቂ አይደለም ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ዋሽንግተን መጀመሪያ እንደ ተለመደ ቅሬታ ቆጥሮት ነበር። ዴቪ ግን ፊት ለፊት ቀርቦ፣ የሚሰፈረው እንደማይበቃ፣ ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ቀጣዩ ስፍር እስኪደርስ አንድ ቀን፣ ካላብቃቁትም ሁለት ቀን ያለ ጉርሻ እንደሚውሉ በእርግጠኝነት እንደሚያውቅ ነገረው። ቃሉ ስለ ታመነ ቀለቡ እንዲጨመር ታዘዘ። ያው ሰው ነው በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹን ወደ ማሳው የሚያሰማራው፤ ቅዳሜም ቀናቸውን ቆጥሮ የሚያስመዘግበው።

በጡብ ከተሠራው የአበባ ማቆያ ቤት ክንፍ ውስጥ ያለውን፣ በባርነት የተያዙት ሰዎች ይተኙበት የነበረውን ዓይነት የተደራረበ የእንጨት አልጋ ፈጥነን አየንና ወደ እነሱ መታሰቢያ ወረድን። በታኅሣሥ 1799 የሞተው ዋሽንግተን በኑዛዜው የራሱን ሰዎች ነጻ ያወጣ ሲሆን፣ ማርታም በጥር 1801 መጀመሪያ ላይ ለቀቀቻቸው። ዴቪ ግን ከማርታ የቀድሞ ባል ርስት ወገን ስለሆነ ኑዛዜው አልደረሰውም፤ ርስቱ እርሷ ስትሞት ለልጅ ልጆቿ የሚከፋፈል ነበርና። ሰላሳ ዓመት ያህል ያገለገለ ካቦ፣ እሱ ቀናቸውን ይቆጥርላቸው ከነበሩት አንዳንዶቹ ነጻ ሲወጡ እሱ ቀረ።

ስንመለስ አባባ የዴቪን እርሻ ካላየሁ አሉ። መዲ ሆል የነበረበት መሬት ዛሬ የመኖሪያ ቤቶች ሰፈር ሆኗል። በሣር ሜዳዎቹና በቆሙት መኪናዎች መካከል ቀስ እያልን ነዳን፤ አንድ ልጅ ብስክሌቱን ትቶ አየን። አባባ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «የቱ ጋ ነበር ቤቱ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የማሳየው ምልክት ስላላገኘሁ እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄጄ ዞርኩና ወደ ዋናው አውራ ጎዳና ወጣሁ።