ሾክ አብዞርበርና ሞላ በቤቴ ስቀይር የት የት ተሳሳትኩ

የፊት ግራው ሾክ ዘይት አፍስሶ እስከ ታች ድረስ ረጥቦ ነበር። አቧራ የያዘ ቀጭን ቅባት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር፤ ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ ትንሽ ዘይት ማሳየቱ ያለ ነው። ወደ ታች የሚወርድ ዘይት ግን ጎሚኑ (ዘይቱን የሚያግደው የዘንጉ ማሸጊያ) እንዳለቀ ይናገራል። የመኪናውን ጥግ ተጭኖ በመልቀቅ የሚደረገው ሙከራም ግማሽ እውነት ነው። መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ሾኩ በእርግጥ ሞቷል፤ አለመወዛወዙ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ከሱ ይልቅ የጎማውን ፊት በእጅ መዳሰስ ይሻላል፦ እዚህም እዚያም ከጎደጎደ ጎማው መንገዱን በደንብ አልያዘም።

ሞላውን አብሬ እንድቀይር ያደረገኝ የታችኛው ጫፉ ተሰብሮ ማግኘቴ ነው። ሞላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከታች፣ ጭቃና ውሃ በሚያቁረው መቀመጫ አጠገብ ስለሆነ ጎማ ሳይወልቅ አይታይም።

የመኪናው የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሾኩ በሞላው መሀል ያልፋል። ከኋላ ሞላና ሾክ ለየብቻ ናቸው። የገዛሁት 4 ሾክ፣ 4 ሞላ፣ 4 የግጭት ጎማ (ሾኩ እስከ ታች ሲወርድ ግጭቱን የሚያለዝበው) ከነአቧራ መከላከያው፣ 2 የስታብላይዘር ሊንክ (የግራና የቀኝ እግርን የሚያያይዘውን ባር ከእግሩ ጋር የሚያገናኝ አጭር ዘንግ) እና አዳዲስ ዳዶዎች ነበር። በራሱ የሚቆልፍ ዳዶ አንዴ ከተፈታ ደግሞ አይታመንም። የፊቱን ማውንቲንግ (የሾኩን ጫፍ ከላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚያስረውን) እና ኩሽኔታ ግን በእጄ ሳዞረው ደህና ስለመሰለኝ አሮጌውን መለስኩት። ኩሽኔታ ያለ ጭነት ሲዞርና የመኪና ክብደት ተጭኖት ሲዞር አንድ አይደለም። መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ሞላው እየተያዘ «ኳ» ማለት ጀመረ፤ እሱን ለመቀየር ደግሞ ሞላውን እንደገና መጭመቅ ግድ ነው። ሙሉውን ሥራ ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ሾክ በጥንድ ይቀየራል የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ ማውንቲንጉም አብሮ መቀየር አለበት።

ከመጀመሬ በፊት ከጎማው መሀል በላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ያለውን ቁመት በአራቱም ጥግ ለክቼ ጻፍኩ። ኋላ ላይ ይህ ቁጥር በጣም ጠቀመኝ።

የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ እንዳለ አላልቼ፣ የኋላ ጎማዎችን በታኮ ይዤ፣ ፊቱን በክሪክ አነሳሁና በሁለት የብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍኩት። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ከሥሩ ለመሥራት አይደለም። ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ያነሳሁት ለስታብላይዘሩ ስል ነው፤ አንዱ እግር መሬት ላይ ሆኖ ሌላው ከተንጠለጠለ ባሩ ይጠመዘዝና ሊንኩ አልወጣም ይላል። የሊንኩ ዳዶ ሲፈታ ውስጥ ያለው ኳስ አብሮ ስለሚዞር ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ የአለን ቁልፍ አስገብቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ በአብዛኛው 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ጭቃ መጀመሪያ በሽቦ ይጽዳ። እኔ ሳላጸዳ ገፍቼ አንዱን ላጥኩትና በመጋዝ ቆረጥኩት።

ቀጥሎ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦውን ከሾኩ ላይ ነቀልኩ። ሾኩን ከናክሉ (ጎማው ከሚታሰርበት ብረት) ጋር የሚያስሩት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች አንገታቸው ላይ ጥርስ ሊኖር ስለሚችል የሚዞረው ዳዶው ነው፤ ቡሎኑ ከዞረ ጥርሱ ቀዳዳውን ይበላዋል። ዝገት የሚፈታ ዘይት ከአንድ ቀን በፊት ረጭቼ ስለነበር ብዙ አላስቸገሩኝም። ከመፍታቴ በፊት የናክሉን አቀማመጥ በቀለም ምልክት አደረግኩ። ቡሎኖቹ ሲወጡ ናክሉ ወደ ውጭ ይወድቃል፤ ያኔ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ (አክስ) ደግሞ ከውስጠኛው መገጣጠሚያው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ናክሉን አስቀድሜ በሽቦ ከሞላው ጋር አሰርኩት፤ ሾኩ ሲወጣ ሽቦውን ወደ ሻንሲው አዛወርኩት። ከኮፋኖ ሥር ካሉት ሦስት ዳዶዎች የመጨረሻውን ስፈታ በሌላ እጄ ሾኩን ከታች ይዤ ነበር። መሀል ያለው ትልቁ ዳዶ ግን አይነካም። ሞላውን ተጭኖ የያዘው እሱ ብቻ ነው።

ሙሉ ትኩረት የሚጠይቀው እዚህ ላይ፣ ሞላውን ከሾኩ መለየት ላይ ነው። በየሚሊሜትሩ 25 ኒውተን የሚገፋ ሞላ 12 ሳንቲሜትር ሲጨመቅ 3000 ኒውተን፣ ማለትም 300 ኪሎ ያህል ጉልበት ይይዛል። ሁለቱን የሞላ መጭመቂያዎች ፊት ለፊት አንዱን ከሌላው ትይዩ አድርጌ፣ መንጠቆዎቹ የሚችሉትን ያህል ብዙ ጥምዝ እንዲይዙ አሰርኩ፤ ጥርሱን ግራሶ ቀባሁት። ከዚያ በእጅ ቁልፍ፣ ከአንዱ ሁለት ዙር፣ ከሌላው ሁለት ዙር። አንዱን ወገን ብቻ ማጥበቅ ሞላውን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ሞላ መንጠቆውን ያንሸራትታል። በአየር ወይም በኤሌክትሪክ መፍቻ መሥራት የመጭመቂያውን ጥርስ ያቃጥላል። ፊቴንም ሆነ ደረቴን በሞላው አቅጣጫ ላይ አላደረግኩም። ሞላው በመቀመጫው ላይ በእጅ መነቃነቅ ሲጀምር ብቻ የመሀሉን ዳዶ ፈታሁ።

አዲሱን ሾክ ከመግጠሜ በፊት ቀጥ አቁሜ ዘንጉን ቀስ ብዬ እስከ ታች ገፋሁ፣ መልሼ እስከ ላይ ሳብኩ፤ አምስት ጊዜ ያህል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሾክ ተኝቶ ሲቀመጥ ጋዙ ዘይቱ ወዳለበት ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ አዲስ ሾክ የሞተ ይመስላል። ዘንጉን በፒንሳ መያዝ ክልክል ነው። በዓይን የማይታይ ጭረት እንኳ ጎሚኑን በጥቂት ጊዜ ይበላዋል። የሞላው የታችኛው ጫፍ ከመቀመጫው ደረጃ ጋር መግጠሙን እያየሁ የግጭት ጎማውን፣ ሽፋኑን፣ የላይ መቀመጫውን፣ ኩሽኔታውን፣ ማውንቲንጉን በቅደም ተከተል አስገባሁ። ኩሽኔታው ላይና ታች አለው፤ ስትፈቱ ፎቶ አንሱት። የመሀሉን ዳዶ ያጠበቅኩት ዘንጉን በአለን ቁልፍ ይዤ ነው።

ኋላው ቀላል ነው። በክሪክ ቢሙን (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘውን አግዳሚ ብረት) ደግፌ የሾኮቹን የታች ቡሎን አወጣሁ፤ ከዚያ ክሪኩን ቀስ ብዬ ሳወርድ ሞላዎቹ በእጅ ወጡ። ቢሙን ከመውደቅ የሚይዘው ሾኩ ስለነበር ሲወርድ ዓይኔ ከፍሬን ቱቦው ላይ አልተነሳም።

ሁለተኛው ስህተቴ እዚህ ነው። የኋላ ሾኮቹን የታች ቡሎን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አጠበቅኩት። ቡሎኑ በሚያልፍበት ቀለበት (ቦኮላ) ውስጥ ያለው ላስቲክ የሚቆለፈው በተጠበቀበት ቦታ ነው፤ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ይንቃጫል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መልሼ አላላሁና ቢሙን በክሪክ ገፍቼ፣ የመኪናው ክብደት ከመቆሚያው ላይ መነሳት ሲጀምር አጠበቅኩት። በጎማ ቦኮላ ውስጥ የሚያልፍ ቡሎን ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የናክሉ ቡሎኖች ግን ብረት ለብረት ስለሆኑ የትም ቢጠብቁ ለውጥ የለውም። የማጥበቂያ ልክ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ከማኑዋሉ አውጥቶ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) መሥራት ነው። የጎማ ዳዶ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው።

ምልክቱ ላይ መልሼ ብገጥመውም አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) አልቀረልኝም። በሁለቱ የናክል ቡሎኖች መካከል 6 ሳንቲሜትር ካለ፣ የ1 ሚሊሜትር መንሸራተት ካምበሩን (የጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) 1 ዲግሪ ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ ቶውም (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) አብሮ ይሄዳል። ፊቱ ቀድሞ ከለካሁት 15 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ነበር፤ ሞላው እስኪረጋ ጥቂት ቀን ነድቼ ከዚያ አላይመንት አስደረግኩ። የፊት መብራቱም ወደ ላይ ስለተነሳ አብሮ ተስተካከለ።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን፣ የሊንኮቹንና የማውንቲንጉን ዳዶ እንደገና ፈተሽኩ። ትንሽ ጉድጓድ ላይ የሚሰማ ፈጣን «ቀጭ ቀጭ» የሊንክ፣ መሪ ሲዞር የሚሰማ «ኳ» የኩሽኔታ ወይም መቀመጫውን የሳተ ሞላ፣ ፍሬን ሲያዝ አንዴ ብቻ «ዱብ» የሚል ደግሞ የላላ የናክል ቡሎን ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ከተሰማ መኪናው እዚያው ይቁም።