14ኛው ጥያቄ

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ከታቦር ተራራ በቀር ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት አይገጥምህም። ለሳይክል የሚሆን ከተማ ምረጥ ብባል እሷን ነው የምመርጠው። ስለዚህ የምሠራበት ቢሮ ለከተማዋ የጋራ ብስክሌት ፕሮጀክት ሲነድፍ ማንም አልገረመውም። ከአንዱ ጣቢያ አንስተህ ሌላው ጣቢያ የምትመልሰው ዓይነት ነው። የእኔ ድርሻ አንዲት ገጽ ነበረች፤ "ለጤና ምን ያስገኛል?" የምትለው።

ለመነሻ የለንደኑን ጥናት አነበብኩ። ለንደን የኪራይ ብስክሌት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ጄምስ ዉድኮክና ባልደረቦቹ የአንድ ዓመት መዝገብ፣ 7.4 ሚሊዮን ጉዞ፣ ወስደው በ2014 የጤና ሒሳቡን አወጡ። በአንድ በኩል እንቅስቃሴው የሚጨምረው ጤና አለ። በሌላ በኩል አደጋውና የተበከለው አየር የሚቀንሱት። ሲቀናነስ በጥቅሉ ትርፍ ሆነ። እኔም "በጥቅሉ ትርፍ" የምትለዋን ይዤ ሮጥኩ፤ ቀሪውን በዓይኔ ገረፍ ገረፍ አድርጌ አለፍኩት።

ኤክሴል ከፈትኩ። 300 ሳይክል፣ እያንዳንዱ በቀን 4 ጉዞ፣ አንዱ ጉዞ 9 ደቂቃ። የተነዳውን ደቂቃ ሁሉ ሰበሰብኩና እንደ አዲስ እንቅስቃሴ ቆጠርኩት። ከታች የወጣው ቁጥር እኔንም አስደነገጠኝ። በደማቁ አቀለምኩት። አለቃዬ አይቶ "ይቺን የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አድርጋት" አለኝ።

ስብሰባው ላይ ከጤናው ወገን የመጡ አንዲት አንጋፋ ነርስ ነበሩ። ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላቸው። ቁጥሬን አላዩትም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ለፕሮጀክቱ ያስሞላነውን የመጠይቅ ሰንጠረዥ ነው የሚያዩት።

"ልጄ፣ 13 ይላል፤ ቀጥሎ 15። 14 የት ሄደ?"

14ኛው ጥያቄ "ሳይክል ባይኖር በምን ይሄዱ ነበር?" የሚል ነው። ለሒሳቤ አያስፈልግም ብዬ አምዱን ደብቄው ነበር።

"ያው በባጃጅ ነው ሲስተር" አልኳቸው።

"እስኪ ክፈተው።"

ሰው ሁሉ እያየ ከፈትኩት። በእግር። በእግር። ባጃጅ። በእግር። በእግር። ወደ ታች ባወረድኩት ቁጥር ያው ነው። መጠይቁን ያስሞላነው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነዋ! ተማሪ ለአጭር መንገድ የባጃጅ አይከፍልም።

ሲስተር ተነሥተው ነጩ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። 2 ኪሎ ሜትር በእግር 24 ደቂቃ ይፈጃል። በሳይክል 9። ሰውነት ቁጭ ብሎ ከሚያቃጥለው ጉልበት ጋር ሲነጻጸር መራመድ 3.5 እጥፍ ገደማ፣ ሳይክል መንዳት 6.8 እጥፍ ገደማ ይጠይቃል። 24 በ3.5 ሲባዛ 84። 9 በ6.8 ሲባዛ 61።

እግረኛውን ሳይክል ላይ ስናወጣው እንቅስቃሴውን ቀንሰንበታል ማለት ነው። የባጃጅ ተሳፋሪውን ካወጣነው ግን 61ዱ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ትርፍ ነው። እኔ ሁሉንም ሰው ከባጃጅ እንዳወረድኩት አድርጌ ነው ያሰላሁት። ጆሮዬ ጋለ።

በዚህም አላበቃም። "ዕድሜያቸውስ?" አሉ። አብዛኛው ከ19 እስከ 24። "በዚህ ዕድሜ በልብ ሕመም የሚሞት ስንት ነው? በመኪና የሚገጨው አይበልጥም?" ወደ ለንደኑ ጥናት ተመለስኩ። ገረፍ አድርጌ ያለፍኩት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሏል፦ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በዕድሜ ገፋ ባሉት ላይ ነው፤ በወጣቶቹ ላይ ትንሽ ነው። ጥናቱ እኮ ነግሮኝ ነበር።

ሁለት ቀን ከሌሊት እንደገና ሠራሁት። እግረኛውን ለብቻ፣ ባጃጁን ለብቻ፣ በየዕድሜው ከፋፍዬ። ደማቁ ቁጥር ሟሸሸ። አለቃዬ ረጅም ጊዜ አየውና "ይሄን ለገንዘብ ሰጪው እንዴት ነው የምናሳየው?" አለ። መልስ አልነበረኝም። ስላይዱ ግን ከፊት ወደ መሀል ገባ፤ የጣቢያዎቹ ካርታም ተቀየረ። ከዩኒቨርሲቲው በር ሁለቱን አንስተን ሰው በባጃጅ ወደሚመላለስባቸው ረዘም ያሉ መንገዶች ወሰድናቸው።

ካርታውን ለሲስተር ወስጄ አሳየኋቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። አገላብጠው አዩት።

"ጥቅሙ ለእኔ ቢጤ ነው አላልክም? ታዲያ በዚህ ጉልበቴ፣ በቀሚሴ፣ የቱ ሳይክል ላይ ነው የምወጣው?"

ቢሮ ስመለስ የግዢ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ሦስቱም የተመረጡ ሳይክሎች ከመቀመጫ እስከ መሪ የተዘረጋ ብረት አላቸው። "መሀሉ ዝቅ ያለ፣ በቀሚስ የሚወጣበት" ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ።